የጋሼ ጎማ ድምፅ

አዎ፣ ቀናሁ። ምን ይጠበስ! ሰው በገዛ ታናሽ እህቱ አይቀናም ያለው ማነው? ያለው ሰው ወይ ታናሽ እህት የለውም፣ ወይ ያለችው ሰነፍ ናት። የኔዋ ሰነፍ አይደለችም፤ ችግሩም እሱ ነው።

እኔም እሷም ነርሶች ነን። ያውም አንድ ሆስፒታል፣ ያውም አንድ ክፍል፣ ድንገተኛ። እኔ እዚያ ክፍል ሥራ የጀመርኩት እሷ ገና በዩኒፎርም ትምህርት ቤት ስትመላለስ ነው። ቤት ውስጥ ሚጢጢ ነው የምንላት፤ ቁመቷ ከኔ በልጦም ስሙ አልለቀቃትም፣ ሆስፒታሉም ያንኑ ለመደው። ደም ሥር መፈለግ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ክንዴን ዘርግቼ «ውጊ፣ አትፍሪ» እያልኩ፣ እሷ እየሳተች ስትደጋግመው ክንዴ እስኪጠቁር ድረስ። ዛሬ ሕፃን ልጅ መጥቶ ደም ሥሩ ሲጠፋ ማንን የሚጠሩ ይመስላችኋል? «ኧረ ሚጢጢን ጥሯት!» ነው የሚሉት፣ እኔ እዚያው ቆሜ። ያሳደግኩት ውሻ ነከሰኝ ማለት ይኸው ነው።

ቤትስ ብትሉ? አንድ ፈረቃ ውለን፣ አንድ ታክሲ ተሳፍረን፣ በአንድ በር ስንገባ እማዬ «ሚጢጢዬ፣ ደከመሽ አይደል?» ትላለች። ሚጢጢዬ! እኔ በክንፍ በርሬ የመጣሁ ይመስል። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ የሚቀርበው ለእሷ እግር ነው፤ የኔ እግር የእንጨት ነው መሰል። አንድ ቀን ቢከፋኝ «እኔስ እማዬ?» አልኳት። «አንቺማ ጠንካራ ነሽ» ብላኝ አለፈች። ጠንካራ! ይህችን ቃል የፈለሰፋት ሰው እጄ ላይ ቢወድቅ ወፍራሙን መርፌ ነበር የምመርጥለት።

እንግዲህ ባለፈው ወር ሆስፒታሉ አንድ ቦታ ከፈተ፤ የድንገተኛ ክፍል ከፍተኛ ነርስ። ሐኪም እስኪደርስ የነፍስ አድን ክፍሉን የምትመራ፣ መድኃኒት የምታዝ፣ ካስፈለገም የመተንፈሻ ቱቦ የምታስገባ። ይህንን ሥራ እኔ ስሙ ሳይሰጠኝ ስሠራው ኖሬያለሁ። ሐኪሙ ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ ሲደርስ በሽተኛው ዓይኑን ገልጦ ነው የሚጠብቀው፤ «ማን ሠራው?» ብሎ አይጠይቅም፣ ያውቃል። ስለዚህ ቦታው የኔ ነው ብዬ ልቤን አሳርፌ ነበር። ከዚያ «በልምድ አይሰጥም፣ ስልጠና ወስዶ በፈተና የበለጠ ነው የሚይዘው» ተባለ። ሦስት ሰው ተመዘገብን፤ እኔ፣ ቱርቦ የምንለው ወንድ ነርስ፣ እና ሚጢጢ። ቱርቦ የተባለው ከአልጋ ወደ አልጋ ሲሄድ ስለማይራመድ ነው፤ ይበራል።

ሚጢጢ ስትመዘገብ አልነገረችኝም። ስሟን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከስሜ ሥር አየሁት። ቤት ገብተን ሳፋጥጣት «እትዬ ደግሞ፣ ልምድ ይሆነኛል ብዬ ነው እንጂ ቦታውማ ያንቺ ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ስልጠናው የሚሰጠው በአሻንጉሊት ነው። አትሳቁ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ ድሮ አንሶላ ይቀመጥበት የነበረውን ክፍል ልክ እንደኛው የነፍስ አድን ክፍል አደራጅተውታል፤ አልጋው፣ ኦክስጅኑ፣ ስክሪኑ፣ የመድኃኒት ጋሪው። ጋሪው ላይ ያለው ብልቃጥ ሁሉ ውስጡ ውሃ ነው። አልጋው ላይ የተኛው ጢማም ጎማ ግን ቀልድ አይደለም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የእጁ የደም ሥር ይመታል፣ ዓይኑ ይርገበገባል፣ ሲብስበት ከንፈሩ ይጠቁራል። ጋሼ ጎማ አልነው። አንደኛው ግድግዳ መስታወት ነው፤ ከውስጥ ሆነሽ ስታዪው ራስሽን ታያለሽ፣ ከጀርባው የተቀመጠው ሰው ግን አንቺን ያይሻል። እዚያ ጀርባ ቴክኒሻኑ በኮምፒውተር የጋሼ ጎማን ልብና ትንፋሽ ያዝዛል። ከጎኑ ደግሞ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ ይቀመጣል፤ እሱ የጋሼ ጎማ ድምፅ ነው። ይህም በተራ ነው። አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይረዳል፣ አንዱ ይታመማል።

አሰልጣኟ ከሌላ ቦታ የመጣች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ናት። አንድ ሕግ አላት። «በዚህ ክፍል ውስጥ ያልተነገረ ነገር አልተደረገም» ትላለች። ስታዢ በግልጽ እዘዢ፣ ስትታዘዢ ደግመሽ በይው፣ ስትጨርሺ ጨረስኩ በይ። እኔ በሆዴ «ነርስ ነው የምታሠለጥነው ወይስ የአውቶቡስ ረዳት?» አልኩ። ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። በኛ ክፍል እጄን ስዘረጋ የምፈልገው ነገር መዳፌ ላይ ያርፋል፤ ምን ያስለፈልፈኛል?

ፈተና ደረሰ። ቱርቦ የመጀመሪያው ነበር፤ በጥድፊያ ጋሼ ጎማን ከነቱቦው ከአልጋ ሊጥለው ሲል እግሩን ይዘን አስቀረነው። እሱ እንኳ ስቆ «እኔ በቃኝ፣ እናንተ ተፋለሙ» አለ። ቀረን ሁለታችን።

በማግስቱ ጠዋት የኔ ተራ ሆነ። ጋሼ ጎማ በሚጥል በሽታ እየተንቀጠቀጠ ቀረበልኝ። በሁለቱም ክንዱ መርፌ ተተክሎለታል። በሽተኛው ስለማይናገር ድምፅ አላስፈለገም፤ ቱርቦም ሚጢጢም ረዳቶቼ ሆኑ። መንቀጥቀጡን የሚያቆመውን መድኃኒት፣ «ዲያዚፓም!» ብዬ አዘዝኩ። ቱርቦ ብልቃጡን አነሳ፣ ጽሑፉን አነበበ፣ ቀዳ፣ አየሩን አስወጣ፣ ኤጭ! ቱርቦ ዘገየብኝ፤ ቱርቦ፣ አስቡት እንግዲህ! አላስቻለኝም። የዚያኑ መድኃኒት ሌላ ብልቃጥ አንስቼ፣ ቀድቼ፣ በግራ ክንዱ ሰጠሁት። ትንፍሽ ሳልል። እጄ የለመደው እንደዚያ ነው። ቱርቦ ደግሞ ጎንበስ ብሎ በቀኝ ክንዱ የታዘዘውን ሰጠ። መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። እሰይ ልል አፌን ስከፍት ደረቱም ቀጥ አለ።

ያ መድኃኒት እጥፍ ሲሆን ትንፋሽን ያቆማል፤ ይህን የማያውቅ ነርስ የለም። ጭምብሉን ፊቱ ላይ ገጥሜ፣ ፊኛውን እየጨመቅኩ አስተነፈስኩት፣ መለስኩትም። ጋሼ ጎማ አልሞተም። ነገር ግን ከመስታወቱ ጀርባ የታየው ታይቷል።

ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ ክብ ሠርተን ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ ደንቡ ነው። አሰልጣኟ «እጅሽ ወርቅ ነው» አለችኝ። «ግን አንቺ መስጠትሽን እሱ በምን ይወቅ?»

«አጠገቤ ቆሞ እኮ ነው! ዓይን የለውም?»

«ዓይኑ መርፌው ላይ ነበር፤ መሆን ያለበትም እዚያው ነው።»

«በሥራ ላይ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም» አልኩ።

«ክፍልሽ አንቺን ስለለመደ ነው። አንድ አዲስ ሰው የመጣ ቀን ይሆንብሻል» አለች፣ በዚያ ቀስ ባለ ድምፅዋ። ቱርቦ ጥፋቱ የሱ እንደሆነ ሁሉ ጆሮው ቀላ። ሚጢጢ አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታያለች። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አዘነችልኝ፤ የሷ ሐዘኔታ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

ምሳ አልበላሁም። ሚጢጢ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠችና «እትዬ፣ ትንሽ እንኳ ቅመሽ» ስትለኝ ተነስቼ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የልጅ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ የሷ ፈተና ነበር። ረዳቷ ቱርቦ። ድምፅ እኔ። አሰልጣኟ እህትማማች መሆናችንን አታውቅም፤ እኔ አልነገርኳት፣ ሚጢጢም አልነገረቻት። ከመስታወቱ ጀርባ ገብቼ ማይክሮፎኑ ፊት ስቀመጥ ቴክኒሻኑ ካርድ ሰጠኝ። «ንብ ነድፋሃለች። ፊትህ አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥርሃል፣ ፈርተሃል። ስለ ንቧ የምትናገረው ከተጠየቅህ ብቻ ነው» ይላል። በልቤ «ስለ ንቧ አትጠይቅ፣ አትጠይቅ» አልኩ። የገዛ እህቴን እንዲህ አልኩ።

ሚጢጢ ገባች። በመጀመሪያ ያደረገችው ነገር ምን ይመስላችኋል? የጋሼ ጎማን እጅ ያዘች። የጎማ እጅ! «አይዞህ፣ እኔ ነኝ የማክምህ። ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«መተንፈስ አቃተኝ» አልኩ። ያ ጢማም በኔ ድምፅ ሲያወራ ቱርቦ ሳቁን ዋጥ ሲያደርግ አየሁት።

«ዛሬ አዲስ የበላኸው ወይም የነደፈህ ነገር አለ?»

ጠየቀች! ገና በሁለተኛው ጥያቄ! «ንብ ነድፋኛለች» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ አሰልጣኟ የምትወደው ዓይነት ሥራ ነው የተሠራው። «ንብ ነድፋዋለች፣ ፊቱ አብጧል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። ኦክስጅን በጭምብል ስጥልኝ» ትላለች፤ ቱርቦ «ኦክስጅን በጭምብል፣ እሺ። ሰጥቻለሁ» ይላል። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «አድሬናሊን በጡንቻ። የምሰጠው እኔ ነኝ፣ አንተ አትስጥ።»

አንተ አትስጥ! ጠዋት እኔ የወደቅኩበትን ጉድጓድ አይታ፣ ከሰዓት ድልድይ ሠርታ ተሻገረችበት። ያውም እኔ እያየሁ። ደሜ እስከ ጆሮዬ ፈላ።

መርፌውን ይዛ ወደ ጭኑ ስትጠጋ አፌ ቀደመኝ። «አትንኪኝ!» አልኩ። ካርዱ ፈርተሃል ይላል እንጂ ተሳደብ አይልም። ግን የፈራ ሰው አይሳደብም ያለ ማነው? «አንቺ ገና ልጅ ነሽ! ማን ነሽና ነው የምትወጊኝ? ምን ታውቂያለሽ? ትልቋን ጥሪልኝ!»

ቴክኒሻኑ ዞሮ አየኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን ታውቆኛል፣ ደስም ብሎኛል።

ሚጢጢ ባለችበት ቆመች። ቀና ብላ ወደ መስታወቱ አየች፤ እኔን እንደማታየኝ ባውቅም ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ። ከዚያ ወደ ጋሼ ጎማ ጎንበስ አለች። «ልክ ነህ፣ ከኔ የምትበልጥ አለች» አለችው። «ብትኖር እኔም እሷኑ ነበር የምጠራት። አሁን ያለሁት ግን እኔ ነኝ። ጉሮሮህ እያበጠ ነው፣ የሚከፍተው ይህ መርፌ ነው። ጭንህ ላይ ልወጋህ፣ ትፈቅድልኛለህ?»

«አልፈቅድም!»

በሥራችን፣ አእምሮው የተስተካከለ በሽተኛ እምቢ ካለ በግድ አይወጋም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እኔ እምቢ እስካልኩ ድረስ መርፌው አይሰጥም፤ መርፌው ካልተሰጠ ጋሼ ጎማ ይሞታል፤ እሱ ከሞተ ቦታው የኔ ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ ሒሳብ የለውም። እናቴ ቤት ያላገኘሁትን፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ጀርባዬ እስኪጎብጥ የሠራሁበትን ነገር ሁሉ ምላሴ ላይ ይዤው ነበር።

«ለምን እንደፈራህ ንገረኝ» አለች ሚጢጢ።

«አንቺን ስለማላምን ነዋ! ዞር በይልኝ!»

መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ፊቷ ወደ በሩ ዞረ። «ተሰበረች» አልኩ በሆዴ። ተሰብራ ሳያት የምፈነጥዝ መስሎኝ ነበር። ስክሪኑ ላይ ኦክስጅኑ ይወርዳል። መሣሪያው በእያንዳንዱ የልብ ምት ጲጵ ይላል፤ ኦክስጅኑ ሲወርድ ጲጵታው እየወፈረ፣ እየወፈረ ይሄዳል። ያንን ድምፅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እኔ እሱን እየሰማሁ ተቀምጬ አላውቅም። ብድግ ስል ጉልበቴ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ፣ ማይክሮፎኑም ወደቀ፤ አንስቼ ጮኽኩ።

«ኧረ ውጊኝ! ምን ትጠብቂያለሽ? ልሞትብሽ ነው እኮ!»

ሚጢጢ ተወርውራ ተመለሰች። «ፈቅዷል። አድሬናሊን በጡንቻ፣ ግራ ጭን... ሰጠሁ።» ቱርቦ «ተሰጥቷል» ብሎ ደገመ። ትንሽ ቆይቶ ጲጵታው ቀጠነ፣ ከንፈሩ ቀላ። ቴክኒሻኑ «ልታስጨርሺው ነበር እኮ» አለኝና ውሃ ሰጠኝ። ደግ ሆኜ ነው ብዬ አልዋሽም። ሰው ትንፋሽ አጥሮት ዝም ብዬ ማየት አልችልበትም፣ ለጎማም ቢሆን። ያ እንጂ እሷ አልነበረችም ያስጮኸችኝ። እንዲያ ነበር የመሰለኝ።

ክብ ሠርተን ተቀመጥን። አሰልጣኟ መነጽሯን አውልቃ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረች። «ካርዱ ላይ የሌለ ነገር ጨመርሽ» አለች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ጥሩ አደረግሽ! እንዲህ ያለ አስቸጋሪ በሽተኛ ነው ነርስን የሚያሳየው። እሷም ከሁሉ የላቀውን ነጥብ ያገኘችው እዚያች ላይ ነው። ደብቄ አላቆያችሁም፤ ለቦታው የማቀርበው ስም የሷ ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ቱርቦ «እንኳን ደስ አለሽ!» ብሎ ዘሎ ጨበጣት። እሷ እጇን ሰጠችው እንጂ አልሳቀችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት አሰልጣኟ። «ያን ሁሉ ሲልሽ ፊትሽ እንኳ አልተለዋወጠም። እንዴት ቻልሽው?»

ሚጢጢ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ለምጄዋለሁ» አለች። «ያንን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግኩት። ልጅ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ፣ ዞር በይልኝ... ዕድሜዬን ሙሉ ስመልስለት ነው የኖርኩት።»

ቱርቦ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ አፉን በእጁ ያዘ። እኔ ፊቴ እሳት ሆነ። «ውሸቷን ነው» ልል ፈለግኩ። ውሸቷን አይደለም። «ውጊ፣ አትፍሪ» ያልኳትን ቀን ብቻ ነው ለራሴ ስቆጥር የኖርኩት፤ እሷ ደግሞ የቀረውን ሰምታለች።

አሰልጣኟ ከአንዳችን ወደ አንዳችን አየች። ከዚያ ደንቡ ነውና እኔንም ጠየቀችኝ። የበሽተኛው ድምፅ የነበረ ሰው እንደ በሽተኛው ሆኖ ነው የሚመልሰው፤ ጋሼ ጎማ ወንድ ስለሆነ እኔንም በወንድ ነው የጠየቀችኝ። «አንተስ፣ እዚያ ተኝተህ ምን ተሰማህ?»

ቀልጄ ላልፈው እችል ነበር። ቀልድ አጥቼ አላውቅም። «ፈራሁ» አልኩ።

«ሞትን?»

«ሞትንማ ማን ይፈራዋል። ሲሰለቻት... በቃኝ ብላ ጥላኝ ትወጣለች ብዬ። እየሰደብኳትም እሱን ነበር የምፈራው።»

ለካ ያስጮኸኝ ጲጵታው ብቻ አልነበረም፤ ፊቷ ወደ በሩ መዞሩም ነበር። ሚጢጢ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ልወጣ ነበር» አለች። በወንድ አላወራችኝም፤ በሽተኛውን አልነበረም የምታናግረው። «ዞር በይልኝ ስትይኝ፣ ቦታውንም ስልጠናውንም ትቼልሽ ልወጣ ነበር። መርፌውን ያስቀመጥኩት ለዚያ ነው። ከዚያ ምን ትጠብቂያለሽ ስትይኝ ቀረሁ።»

ቱርቦ ጣሪያውን ያያል። አሰልጣኟ መነጽሯን መልሳ አደረገች፣ ግን ምንም አልጻፈችም። ትንሽ ዝም ብል ኖሮ እሷ በሩን ትወጣ ነበር፣ ጋሼ ጎማ ይሞት ነበር፣ ነገ የሚቀርበው ስም የኔ ይሆን ነበር። ይህ ሁሉ በአንዴ ገባኝ። ቅናቴም የትም አልሄደም፤ አሁንም እዚሁ ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል።

«እንኳን አልወጣሽ» አልኳት።

ቦታዬን የወሰደችው ስላልወጣች እንደሆነ እያወቅኩ ነው ያልኩት። አንጀቴ እያረረ ነው ያልኩት። ግን ከልቤ ነው።